የሚሽከረከር ገመድ ቅስት፦ በሰንሰለት አውጥቶ ወደ ክንፍ ፎርማ የመገልበጥ አሠራር

ገመድ ሁለት ጫፉ ተይዞ ሲሽከረከር የሚሠራው ሆዳም ቅስት ግማሽ ክብ አይደለም። ተንጠልጥሎ የረገበ ሰንሰለት የሚሠራው ቅስትም አይደለም። መሐንዲሶች ትሮፖስኪን ይሉታል። ገመድ ዝላይ የሚጫወቱ ልጆች ሳያስቡት ይሠሩታል፤ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ጆርጅ ዳርየስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1931 በአሜሪካ በጸደቀለት የንፋስ ተርባይን ፓተንት ላይ በቆመ ዘንግ ዙሪያ የሚዞሩት ክንፎቹ የመዝለያ ገመድን ቅርጽ እንዲይዙ ሐሳብ አቅርቧል።

ነገሩ ቀላል ነው። ገመድ መወጠርን ይቋቋማል፤ መታጠፍን ግን አይቋቋምም። ስለዚህ ሲሽከረከር የሚያገኘው ቅርጽ ውጥረት ብቻ ያለበት ቅርጽ ነው። ክንፍ በዚያው ቅርጽ ከተሠራ ወደ ውጭ የሚወረውረው ኃይል ይወጥረዋል እንጂ አያጎብጠውም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ቅስቱን በትንሽ ማሽከርከሪያ ላይ በዓይን የሚታይ አድርጎ ማውጣት፣ መለካት፣ ከዚያም 2 ሜትር ከፍታ ላለው ተርባይን የክንፍ ፎርማ አድርጎ መገልበጥ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝ። ቅርጹን የሚወስነው የገመዱ ርዝመት በሁለቱ ጫፎች መካከል ላለው ርቀት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ፍጥነት አይወስነውም፣ የገመዱ ክብደትም አይወስነውም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ውጥረቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሆዱ ግን እዚያው ነው። ብዙ ሰው ቅስቱ አልመጣልኝም ሲል ድሪሉን ያፈጥናል። ማየት ያለበት ግን ሜትሩን ነው።

መጠኑን መወሰን

የሆዱ ስፋት (ከዘንጉ ወዲያና ወዲህ ተደምሮ) ከከፍታው ጋር እኩል እንዲሆን ከተፈለገ የገመዱ ርዝመት ከፍታው በ1.476 ተባዝቶ ነው። ስፋቱ የከፍታው ግማሽ ብቻ እንዲሆን ከፈለጋችሁ በ1.142፣ አንድ ተኩል እጥፍ እንዲሆን ከፈለጋችሁ በ1.892 ታባዛላችሁ። ገመዱ ከዘንጉ የሚወጣበት ማዕዘንም አብሮ ይለወጣል፦ በመጀመሪያው 60 ዲግሪ፣ በሁለተኛው 39፣ በሦስተኛው 70 ዲግሪ ገደማ።

እዚህ የምንሠራው የመጀመሪያውን ነው። ስፋቱ ከከፍታው እኩል የሆነው ቅስት ለስሌት የሚመች ጠባይ አለው፦ ጫፉ ላይ ያለው ውጥረት ሆዱ ላይ ካለው በትክክል ሊባል በሚችል ሁኔታ እጥፍ ነው። የጫፉን ውጥረት ለማወቅ የአንድ ሜትር ገመድ ክብደት በኪሎ፣ በሆዱ ፍጥነት (ሜትር በሰከንድ) ካሬ ይባዛል፤ መልሱ በኒውተን ይመጣል። ይህችን ሒሳብ አትርሱ፤ ቡሎን ስትመርጡ ትመለሱባታላችሁ።

ለማሽከርከሪያው ከፍታው 60 ሳ.ሜ.፣ የሆዱ ሬዲየስ 30 ሳ.ሜ. ይሁን። 60 በ1.476 ሲባዛ 88.5 ሳ.ሜ. ገደማ ይመጣል። ሰንሰለቱ የሚቆረጠው ግን በዚህ ልክ አይደለም፤ ምክንያቱ ቀጥሎ አለ።

ማንጠልጠያው ለምን ከዘንጉ መራቅ አለበት

ገመዱን በትክክል ዘንጉ መሐል ላይ ብታስሩት ዘንጉ ይዞራል፣ ገመዱ አይዞርም። አየሩ ገመዱን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ያንን ተቋቁሞ ገመዱን የሚጎትተው፣ ማንጠልጠያው ከመሐል ርቆ የሚሠራው ትንሽ ክንድ ነው። ገመድ የምትዘል ልጅ አንጓዋን በትንሽ ክብ የምታዞረው ለዚሁ ነው፤ እጇ ሁልጊዜ ከገመዱ ትንሽ ይቀድማል።

ስለዚህ ማንጠልጠያው ከዘንጉ መሐል 2 ሳ.ሜ. ይራቅ። ቅስቱ ከጫፉ በ60 ዲግሪ ስለሚነሳ፣ 2 ሳ.ሜ. ሬዲየስ ላይ ሲደርስ በዘንጉ አቅጣጫ 1.15 ሳ.ሜ. ተጉዟል፣ በራሱ ላይ ደግሞ 2.3 ሳ.ሜ. ተቆጥሯል። ይህን ከላይም ከታችም ቀንሱ። በሁለቱ ዲስኮች መካከል ያለው ርቀት 57.7 ሳ.ሜ.፣ ሰንሰለቱ ከማንጠልጠያ ቀዳዳ እስከ ማንጠልጠያ ቀዳዳ 83.9 ሳ.ሜ. ይሆናል። ሰንሰለቱን ከዲስኩ ጋር የሚያገናኙት የማያያዣ ቀለበቶች ርዝመትም ከሰንሰለቱ ጋር ይቆጠራል።

ልኩ ላይ አትቸኩሉ። ሰንሰለቱ በ1 ሳ.ሜ. ቢረዝም ሆዱ በ6 ሚ.ሜ. ይወጣል።

ዕቃዎቹ

ለዘንግ፦ ውጩ 20 ሚ.ሜ.፣ የግድግዳ ውፍረቱ 2 ሚ.ሜ. የሆነ የብረት ቱቦ፣ 105 ሳ.ሜ.። ግማሽ ኢንች የውሃ ቱቦ ለዚህ አይሆንም፤ ውጩ 21.3 ሚ.ሜ. ስለሆነ ኩሽኔታው ውስጥ አይገባም፣ ተሞርዶ እንዲገባ ሲደረግ ደግሞ መሐሉን ይስታል።

ኩሽኔታ፦ ቁጥር 6004 ሁለት። ውስጡ 20፣ ውጩ 42፣ ውፍረቱ 12 ሚ.ሜ. ነው።

ዲስክ፦ ከ4 ሚ.ሜ. ላሜራ የተቆረጠ፣ 6 ሳ.ሜ. ዲያሜትር ያለው፣ ሁለት። እያንዳንዱ ላይ ከመሐል 2 ሳ.ሜ. ርቀው ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት የ5 ሚ.ሜ. ቀዳዳዎች ይበሳሉ።

ሰንሰለት፦ የሽቦው ውፍረት 3 ሚ.ሜ. የሆነ ተራ የብረት ሰንሰለት፣ 2 ሜትር። ሜትሩ 200 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የእናንተን ግን ሚዛን ላይ አስቀምጡት። በናይለን ገመድ አትጀምሩ። ናይለን ይለጠጣል፣ ከስፋቱ አንጻርም በጣም ቀላል ስለሆነ አየር ይጫወትበታል።

በተጨማሪ አራት በብሎን የሚዘጉ የማያያዣ ቀለበቶች፣ 10 ሚ.ሜ. ቡሎን፣ ለክፈፉ 40 በ40 ቱቦላሬ፣ ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው ናስትሮ፣ ፍጥነቱ የሚቀነስና የሚጨመር ባለባትሪ ድሪል፣ የዓይን መከላከያ መነጽር። የቁልፍ ቀለበት በማያያዣ ቀለበት ፋንታ አይገባም፤ ሲወጠር ይከፈታል።

አሠራሩ

1. ክፈፉን በየዱት። የውስጥ ስፋቱ ከ90 ሳ.ሜ. አይነስ፤ ሰንሰለቱ 60 ሳ.ሜ. ስፋት ይጠርጋል፣ ለእጅና ለስህተት ቦታ ያስፈልጋል። ታችኛውና ላይኛው ኩሽኔታ በ95 ሳ.ሜ. ይራራቁ። የላይኛውን የኩሽኔታ ቤት አላልታችሁ ያዙት፣ ዘንጉን በቱንቢ አስተካክሉ፣ ከዚያ በኋላ አጥብቁት። እግሮቹ ላይ የአሸዋ ከረጢት ጫኑ።

2. የቱቦው አናት ውስጥ 10 ሚ.ሜ. ቡሎኑን አስገብታችሁ በየዱት፤ ድሪሉ የሚነክሰው ይህን ነው። ቡሎኑ ከመሐል ግማሽ ሚ.ሜ. እንኳ ከሳተ ድሪሉ በእጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ከመበየዳችሁ በፊት ቱቦውን ኩሽኔታው ላይ በእጅ አዙሩና የቡሎኑን ጫፍ ተመልከቱ። ታችኛው ኩሽኔታ ክብደቱን ስለሚሸከም፣ ቱቦው እንዳይሰምጥ ከኩሽኔታው በላይ አንድ ቀለበት በየዱበት።

3. ታችኛውን ዲስክ ከታችኛው ኩሽኔታ 22 ሳ.ሜ. ከፍ አድርጋችሁ እሰሩ። ይህ ቦታ ያለ ምክንያት አልተተወም። ማሽኑ ሲቆም ሰንሰለቱ ከታችኛው ዲስክ በታች 13 ሳ.ሜ. ተንጠልጥሎ ይወርዳል፤ ቦታ ካጣ ክፈፉ ላይ ይጠመጠማል።

4. ላይኛውን ዲስክ ከታችኛው 57.7 ሳ.ሜ. ላይ አድርጉ። የሁለቱ ዲስኮች ቀዳዳዎች በአንድ መስመር መዋል አለባቸው፤ ረጅም ቀጥ ያለ ብረት በሁለቱ ቀዳዳዎች አሳልፋችሁ አረጋግጡ። ዲስኮቹን በብየዳ ወይም ዘንጉን በሚያቋርጥ ሚስማር እሰሩ። ሰንሰለቶቹ ዲስኮቹን ወደ መሐል ይስባሉ፤ በማጣበቂያ ብቻ የታሰረ ዲስክ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል።

5. ሰንሰለቱን ሁለት ቦታ ቁረጡ። የቀለበቶቹ ቁጥር እኩል ይሁን፣ የሁለቱ ክብደት ልዩነት ከ2 ግራም አይብለጥ። አንድ ሰንሰለት ብቻ አድርጎ ማሽከርከር የሚሞክር አለ። ሚዛኑን ስለሚስት ክፈፉ ይራመዳል፣ ቅስቱም ይደበዝዛል። ሁለት ፊት ለፊት የሆኑ ሰንሰለቶች ይበቃሉ።

6. ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጉ። ዜሮ የሚባለው ቦታ ዲስኩ አይደለም፤ ከታችኛው ዲስክ 1.15 ሳ.ሜ. ዝቅ ያለው ነው። ከዚያ ወደ ላይ በየ3 ሳ.ሜ. በናስትሮ ቀለበት ጠምጥሙ። 21 ምልክት ይወጣል። 11ኛው መሐል ነው፤ እሱን በሌላ ቀለም አድርጉት። የመጨረሻው ከላይኛው ዲስክ 1.15 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ መዋል አለበት። ካልዋለ አንዱ ልክ ተሳስቷል።

ማሽከርከር

ድሪሉን በዝቅተኛው ማርሽ አድርጉት። መነጽር ይደረግ፤ ከድሪሉ ያዥ በቀር ማንም ሰው በሰንሰለቱ ሆድ ትይዩ አይቁም፤ ያዡም ከክፈፉ በላይ ሆኖ ይያዝ። ቀለበት ቢፈታ የሚበረው በዚያ መስመር ነው።

ፍጥነቱን በአምስት ስድስት ሰከንድ ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። መጀመሪያ ሰንሰለቱ ቱቦውን ይመታል፣ ይንኳኳል፤ ከዚያ ታችኛው ክፍል ይነሳና ሆዱ ይከፈታል። በድንገት ከተነሳ ሰንሰለቱ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። ያን ጊዜ ቁሙና ፍቱት። ፍጥነት ጨምሮ ለማላቀቅ መሞከር ቀለበት ይሰብራል።

በደቂቃ 300 ዙር ላይ ሆዱ በሰከንድ 9.4 ሜትር ይሄዳል፤ እያንዳንዱ የሰንሰለት ጫፍ ወደ 18 ኒውተን፣ ማለትም 1.8 ኪሎ እንደተንጠለጠለበት ያህል ይወጠራል። በ450 ዙር 40 ኒውተን ይሆናል። ከዚያ በላይ መሄድ ጥቅም የለውም።

ዙሩን ለመቁጠር የስልክ ዘገምተኛ ቪዲዮ ይበቃል። በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ ከሆነ አንድ ሙሉ ዙር በ300 ላይ 48 ምስል፣ በ450 ላይ 32 ምስል ይወስዳል። ሁለቱ ሰንሰለቶች እንዳይምታቱባችሁ አንደኛው መሐል ላይ ትንሽ ነጭ ክር እሰሩ። ነጥብ እንጂ ቋጠሮ አይሁን፤ ሆዱ ላይ የሚጨመር ክብደት ቅስቱን ያሾለዋል።

መለካት

ፈጣን ካሜራ አያስፈልግም። ሰንሰለቱ ሲሽከረከር የሚታየው የጥላው ዳር ራሱ ቅስቱ ነው፤ ዓይንም ያየዋል፣ ረጅም ጊዜ የተከፈተ ካሜራም ያወጣዋል። ከኋላ ጥቁር ጨርቅ፣ ከጎን መብራት፣ ሌንሱ ከመሐሉ ምልክት ጋር እኩል ከፍታ ላይ።

ካሜራው ከዘንጉ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅና በዙም ይቅረብ። በ1 ሜትር ርቀት ካነሳችሁ 30 ሳ.ሜ. የሆነው ሬዲየስ 31.4 ሆኖ ይታያል፤ በ3 ሜትር ግን ስህተቱ ከ2 ሚ.ሜ. አይበልጥም። መለኪያ ካሬ ወረቀት ከኋላ መስቀልም የተለመደ ጥፋት ነው። ወረቀቱ ከሰንሰለቱ ስለሚርቅ በትንሹ ይታያል፣ ልኩን ያበላሻል። መለኪያችሁ ዘንጉ ላይ ያሉት የናስትሮ ምልክቶች ናቸው።

በየምልክቱ ከግራ ዳር እስከ ቀኝ ዳር ለኩና ለሁለት አካፍሉ። እንዲህ ሲደረግ ዘንጉ በምስሉ ላይ ትንሽ ቢያዘነብልም ጉዳት የለውም። መገኘት ያለበት ይህ ነው። በቅንፍ ያለው ለ2 ሜትሩ ተርባይን የሚሆነው ልክ ነው፤ ሁሉም በሳ.ሜ. ነው፦

ከጫፍ 3 (10)፦ ሬዲየስ 5.2 (17.2)
ከጫፍ 6 (20)፦ ሬዲየስ 10.1 (33.8)
ከጫፍ 9 (30)፦ ሬዲየስ 14.7 (49.1)
ከጫፍ 12 (40)፦ ሬዲየስ 18.8 (62.6)
ከጫፍ 15 (50)፦ ሬዲየስ 22.3 (74.2)
ከጫፍ 18 (60)፦ ሬዲየስ 25.1 (83.6)
ከጫፍ 21 (70)፦ ሬዲየስ 27.3 (90.9)
ከጫፍ 24 (80)፦ ሬዲየስ 28.8 (96.0)
ከጫፍ 27 (90)፦ ሬዲየስ 29.7 (99.0)
ከጫፍ 30 (100)፦ ሬዲየስ 30.0 (100.0)

ይህ ግማሹ ነው፤ ከመሐሉ ወዲያ ያለው ግልባጩ ነው።

በተግባር ላይኛውና ታችኛው ግማሽ እኩል አይመጡም። የምድር ስበት ሆዱን ወደ ታች ያወርደዋል፦ በ300 ዙር ወደ 1 ሳ.ሜ.፣ በ450 ዙር ወደ ግማሽ ሳ.ሜ.። ማስተካከያው ቀላል ነው። ከመሐሉ እኩል የራቁትን የላይና የታች ምልክቶች ሬዲየስ ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉ፤ የስበቱ ስህተት በአብዛኛው እዚያው ይጣፋል። በ150 ዙር የለካችሁት ግን በአማካይም አይድንም፤ ሆዱ ከመሐል ብዙ ወርዷል።

ጥፋት ሲገኝ ምንጩን መለየት

ፍጥነት ሲጨመር ሆዱ እየሰፋ ከሄደ የሆነ ነገር እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነው። ወይ ዲስኩ እየተንሸራተተ ነው፣ ወይ ቀለበቱ እየተከፈተ፣ ወይ (በገመድ ከሆነ) ገመዱ እየተለጠጠ። ሰንሰለት በፍጥነት ብቻ ሬዲየሱን አይለውጥም። ይህ ከሁሉም የሚሻለው መመርመሪያ ነው፤ በ300 እና በ450 ለክቶ ማወዳደር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሆዱ በሁለቱም ፍጥነት እኩል ሆኖ ከ30 የተለየ ከሆነ ርዝመቱ ወይም የዲስኮቹ ርቀት ስህተት ነው። 31.2 ከመጣ ሰንሰለቱ በ2 ሳ.ሜ. ገደማ ረዝሟል።

ሆዱ እንደ ጦር ጫፍ ሾሎ ከታየ መሐል ላይ ክብደት አለ፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁራጭ ሰንሰለት የተያያዘበት ወፍራም ቀለበት ነው። እንዲህ ያለ ማያያዣ ጫፍ ላይ ቢሆን አይጎዳም፤ ዘንጉ አጠገብ ወደ ውጭ የሚወረውረው ኃይል ትንሽ ነው።

ከላይ ቁልቁል ስታዩት ሰንሰለቱ ከማንጠልጠያው ወደ ኋላ ቀርቶ ከታየ፣ የአየር ሥራ ነው። ይህን ፍጥነት አያድነውም። አየሩ የሚይዝበት ኃይልና ወደ ውጭ የሚወረውረው ኃይል ሁለቱም በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድጉ የመቅረቱ ማዕዘን ባለበት ይቆያል። ለ3 ሚ.ሜ. ሰንሰለት በስሌት ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ይመጣል፤ ለ6 ሚ.ሜ. ናይለን ገመድ ግን 30 ዲግሪ ገደማ። ቀጭንና ከባድ ነገር መጠቀም ወይም ማንጠልጠያውን ከዘንጉ ማራቅ ብቻ ነው መፍትሔው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል 20 በመቶ ገደማ ስስ በመሆኑ መቅረቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የጥላው ዳር ሬዲየስን ብቻ ስለሚያሳይ ጥቂት ዲግሪ መቅረት ልኬታችሁን አያበላሸውም።

ወደ ፎርማ መገልበጥ

122 በ244 ሳ.ሜ. የሆነ አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ ለ2 ሜትር ተርባይን ይበቃል። ረጅሙ ጠርዝ ዘንጉ ይሁን። በላዩ 200 ሳ.ሜ. ለኩ፣ በየ10 ሳ.ሜ. ምልክት አድርጉ፣ ከየምልክቱ በማዕዘን ልክ ቀጥ ያለ መስመር አውጥታችሁ በቅንፍ ያሉትን ሬዲየሶች ጣሉ። በየነጥቡ ሚስማር ምቱ፣ ቀጭን የአልሙኒየም ልጥ በሚስማሮቹ ላይ አሳርፉ፣ በእርሳስ ተከተሉት። ልጡ አንድ ሚስማር ላይ አልቀመጥ ካለ፣ ያ ነጥብ በስህተት ተለክቷል፤ ልጡን በግድ አትጫኑት።

ማረጋገጫው ሁለት ነው። አንደኛ፣ በቅስቱ ላይ ክር አስኬዱና ለኩ፤ 295 ሳ.ሜ. መምጣት አለበት። ሁለተኛ፣ ማዕዘኑን በፈለጋችሁት ቦታ ፈትሹ። የቦታውን ሬዲየስ ለሆዱ ሬዲየስ አካፍሉ፣ ውጤቱን በራሱ አባዙ፣ ከ2 ቀንሱ፤ 1 ለዚህ ቁጥር ሲካፈል የሚገኘው ቅስቱ ከዘንጉ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ኮሳይን ነው። ሬዲየሱ 50 ሳ.ሜ. የሆነበት ቦታ 55 ዲግሪ፣ 80 ሳ.ሜ. የሆነበት 43 ዲግሪ ገደማ ይሰጣል።

ሰንሰለት ግድግዳ ላይ በጎን አንጠልጥሎ የተንጠለጠለውን ቅስት መገልበጥ እንደ አቋራጭ ሲወራ ይሰማል። አይሠራም። በተንጠለጠለ ሰንሰለት ላይ ስበት እያንዳንዱን ቀለበት እኩል ይስባል፤ በሚሽከረከረው ላይ ግን ከዘንጉ የራቀው ብዙ፣ የቀረበው ጥቂት ይሳባል። ለዚህ ነው ትሮፖስኪን ጫፎቹ አካባቢ ቀጥ ማለት የሚቀርበው። ተመሳሳይ ከፍታና ተመሳሳይ ሆድ ያለው የተንጠለጠለ ቅስት ከጫፍ 20 ሳ.ሜ. ላይ ሬዲየሱ 40.7 ነው፣ የእኛ 33.8። በ7 ሳ.ሜ. የሳተ ክንፍ ሲሽከረከር ትከሻው ላይ ይታጠፋል፣ እዚያው ይደክማል።

ክንፉ ሲቆረጥም የዲስኩ ነገር ይመለሳል። በተርባይኑ ላይ የክንፉ ማሠሪያ ከዘንጉ መሐል 10 ሳ.ሜ. ቢርቅ፣ ከየጫፉ በከፍታ 5.8 ሳ.ሜ.፣ በክንፉ ርዝመት 11.6 ሳ.ሜ. ይቀነሳል። ክንፉ 272 ሳ.ሜ. ይሆናል።

ሙሉውን ቅስት ማጠፍ ለሚከብደው ወርክሾፕ በአሜሪካው የሳንዲያ ምርምር ላቦራቶሪ መሐንዲሶች የተሠራበት መንገድ አለ፦ ጫፎቹ ቀጥ ያሉ፣ መሐሉ የክብ ቁራጭ። ለእኛ 2 ሜትር ተርባይን፣ ከዘንጉ በ57 ዲግሪ የሚነሳ 84 ሳ.ሜ. ቀጥ ያለ ክፍል፣ መሐሉ ላይ ሬዲየሱ 64.6 ሳ.ሜ. የሆነ 128.5 ሳ.ሜ. ቅስት፣ ከዚያ እንደገና 84 ሳ.ሜ. ቀጥ ያለ። ከእውነተኛው ቅርጽ ቢበዛ በ3 ሳ.ሜ. ይለያል። ለአነስተኛ ተርባይን ይህንን መምረጥ ይሻላል፤ ላሜራ ማጠፊያው አንድ ሬዲየስ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሦስቱ ክፍሎች የሚገናኙበት ማያያዣ ግን ቀላል ይሁን፤ ከባድ እጀታ እዚያ ላይ ማስገባት ሰንሰለቱን ያሾለው ቀለበት የሠራውን ስህተት በክንፉ ላይ መድገም ነው።

ቅርጹ ሁሉንም አያድንም። የሚያስቀረው የመሽከርከር መታጠፍን ብቻ ነው። ንፋሱ ክንፉን በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ወደ ውጭ፣ አንዴ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ማሽኑ ሲቆም ደግሞ የራሱ ክብደት ይጎትተዋል። ካናዳ ውስጥ ካፕ ሻ ላይ የተተከለው 110 ሜትር ከፍታ ያለው ኤኦል ተርባይን በዚህ ቅርጽ ከተሠሩት ሁሉ ትልቁ ነው፤ እሱም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1993 መሥራት አቁሟል።

ጫፎቹን የሚይዙትን ቡሎኖች ለመምረጥ የመጀመሪያዋን ሒሳብ አውጡ። ሜትሩ 2 ኪሎ የሚመዝን ክንፍ ሆዱ በሰከንድ 20 ሜትር ሲሄድ (በ1 ሜትር ሬዲየስ በደቂቃ 191 ዙር መሆኑ ነው) በእያንዳንዱ ጫፍ 800 ኒውተን ይወጠራል። በእጥፍ ፍጥነት 3,200 ይሆናል። ቡሎኑን የምትመርጡት ለሁለተኛው ነው፤ ዳርየስ ተርባይን ከቆመበት ራሱ አይነሳም እየተባለ ያለ ፍሬን መተው አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1978 በካናዳ ማግዳለን ደሴቶች ላይ የነበረው ትልቅ ተርባይን ፍሬኑ ለጥገና ተፈትቶ ሳለ ንፋስ አስነስቶት ከልክ በላይ ፈጥኖ ተሰባብሯል። ክንፉን ከመስቀላችሁ በፊት ፍሬኑ ተገጥሞ፣ ዘንጉም በሚስማር ተቆልፎ ይሁን።